የንጉሥ መልክ በነሐስ፦ የፒሳኔሎ ዓይነት ሜዳሊያ አሠራር

ጣሊያናዊው ሠዓሊ ፒሳኔሎ እ.ኤ.አ. በ1449 ለአራጎንና ለኔፕልስ ንጉሥ ለአልፎንሶ አምስተኛ የሠራው ሜዳሊያ ወርዱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መዳፍ ይሞላል። በፊቱ ንጉሡ ጥሩር ለብሶ በጎን ይታያል፤ ግራና ቀኙ ዘውድና የራስ ቁር ተቀምጠዋል፤ «ዲቩስ አልፎንሱስ ሬክስ» ብሎ የሚጀምረው የላቲን ጽሑፍ ድል አድራጊና ሰላም ወዳድ እያለ ያወድሰዋል። በጀርባው ንስር ከግዳዩ ጋር ጉቶ ላይ ቆሟል፤ ሌሎቹ አሞራዎች ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። «ሊበራሊታስ አውጉስታ» ይላል፤ የንጉሥ ቸርነት ለማለት ነው። ሰውየው ለእኛ ታሪክም እንግዳ አይደለም፤ በ1428 ለአፄ ይስሐቅ፣ በ1450 ለአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብዳቤ የጻፈው ይኸው አልፎንሶ ነው።

ከዚህ በታች ያለው በዚያ መጠንና በዚያ ስልት አዲስ ሜዳሊያ የሚወጣበት መንገድ ነው። ሥራው ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ብረት የሚቀልጠው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የቀረው ሰም፣ ጀሶና ትዕግሥት ነው። መልኩ በሰም ይቀረጻል፣ በጀሶ ፎርማ ማለትም በጎድጓዳ ቅርጽ ይገለበጣል፤ ከዚያ የሚወጣው አዲስ ሰም ሌላ ፎርማ ይለብሳል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣም ነሐሱ በቦታው ይፈሳል። ነሐሱ ላይ የሚታየው ጥፋት አብዛኛው ገና ሰሙ ላይ ሳለ የተጀመረ ስለሆነ፣ ይህም ጽሑፍ ሰሙ ዘንድ ይቆያል።

አስቀድሞ ግን ተመትቶ የወጣና ፈስሶ የወጣ ሜዳሊያ ይለዩ። የዳግማዊ ምኒልክ ብር እጅዎ ከገባ ይመልከቱት። መልኩን የቀረጸው ፈረንሳዊው የሜዳሊያ ባለሙያ ዡል ክሌማን ሻፕላን ነው፤ ብሩም በብረት ማኅተም ተመትቶ የወጣ ነው። ወርዱ 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጠርዙ እኩል፣ ሜዳው ማለትም በመልኩ ዙሪያ ያለው ባዶ ገጽ ልሙጥ፣ መልኩ ዝቅ ያለ። ፒሳኔሎ በነበረበት ዘመን 11 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን፣ 5 ሚሊ ሜትር ከፍ የሚለውን ምስል በምት የሚያወጣ መሣሪያ አልነበረም፤ ስለዚህ ይፈስ ነበር። የፈሰሰ ሜዳሊያ ሜዳው ትንሽ ይወዛወዛል፣ ጠርዙም በአንድ ወገን ሊወፍር ይችላል። ይህ ጉድለት አይደለም። ሞረድ ይዞ ማስተካከል የጀመረ ሰው ሥራውን ሳንቲም ያስመስለዋል።

ሥዕሉና ሰሙ

ወረቀት ላይ 113 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው ክብ ያውጡ። ሰሙም ነሐሱም ሲቀዘቅዙ ይሰበሰባሉ፤ በድምሩ ከ2 እስከ 3 በመቶ ስለሚጠፋ የመጨረሻው ሥራ 110 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚሁ መሃል ነጥብ ሁለት ተጨማሪ ክቦች ያስምሩ፤ ራዲየሳቸው 53 እና 46 ሚሊ ሜትር ይሁን። ፊደል የሚሰፍረው በእነዚህ መካከል ነው፤ ቁመቱ 7 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ከውስጥ ለመልኩ 92 ሚሊ ሜትር ይቀራል። ከራስ ቅል እስከ አገጭ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ይስጡት፤ ከፊቱ በኩል ያለው ባዶ ቦታ ከማጅራቱ በኩል ካለው ሰፋ ይበል። አለዚያ ሰውየው ግድግዳ የተጠጋ ይመስላል።

በጎን መሣሉ ልማድ ብቻ አይደለም። ፊት ለፊት የሚያይ ሰው 5 ሚሊ ሜትር ውስጥ ሲጨፈለቅ መጀመሪያ የሚጠፋው አፍንጫው ነው። በጎን ሲሆን ግን ማንነቱ በግንባር፣ በአፍንጫ፣ በከንፈርና በአገጭ መስመር ላይ ይቀመጣል፤ ይህ መስመር ደግሞ ጥልቀት አይፈልግም። የአክሱም ነገሥታትም በወርቅ ሳንቲሞቻቸው ላይ በሁለት የስንዴ ዛላ መካከል በጎን ነው የሚታዩት። ሞዴልዎ ሕያው ሰው ከሆነ ፎቶውን ቢያንስ ከ3 ሜትር ርቀት፣ በዓይኑ ቁመት ያንሱ። በቅርብ የተነሳ የጎን ፎቶ ለካሜራው የቀረቡትን ጆሮና ጉንጭ አሳድጎ የፊቱን መስመር ያሳንሳል፤ ስህተቱም እስከ ነሐሱ ድረስ ይከተልዎታል።

ለመቅረጫ ሰም 500 ግራም ንጹሕ የንብ ሰም፣ 50 ግራም የጥድ ሙጫ፣ 25 ግራም የተነጠረ ሞራ፣ 80 ግራም በወንፊት የተነፋ የጠመኔ ዱቄት ያዘጋጁ። ሰሙን በውሃ ላይ በተቀመጠ ድስት ያቅልጡ፤ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣዱት። መጀመሪያ ሙጫውን፣ ቀጥሎ ሞራውን፣ በመጨረሻ ጠመኔውን እያማሰሉ ይጨምሩ። ጠመኔው ሰሙን ብርሃን እንዳያሳልፍ ያደርገዋል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ሰም ጥላ አያሳይም፣ ጥላ የማያሳይ ነገር ደግሞ አይቀረጽም። በክረምት ሞራውን ወደ 40 ግራም ከፍ ያድርጉ። ይህ ሰም ለሞዴል ብቻ ነው፤ ጠመኔው እሳት ውስጥ አመድ ስለሚተው ከፎርማ ቀልጦ ለሚወጣው ሰም አይሆንም።

የፒሳኔሎ ዘመን ሰዎች ሰሙን በጥቁር ሰሌዳ ድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ይሠሩ ነበር። እኛ የምንመክረው 5 ሚሊ ሜትር መስተዋት ነው፤ ሥዕሉ ከሥር ተለጥፎ ይታያል። መጀመሪያ ሙሉውን መልክ በ1 ሚሊ ሜትር ስስ ሰም ይሸፍኑ፤ ከዚያ ጥቃቅን ጉብታዎችን እየጨመሩ ከፍ ያድርጉ። ከፍታው በጭፍን አይሰጥም። ግንባር፣ አፍንጫና ከንፈር ከሜዳው ሲነሱ 1.5 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ጉንጭ 5፣ ጆሮ 5፣ ትከሻ ከ4 እስከ 5፣ አንገት ግን 3 ብቻ። አንገትን ከጉንጭ እኩል ያስነሳ ሰው አገጩን ያጠፋዋል። መጠኑን የሚለኩት ጫፉ ላይ በየሚሊ ሜትሩ ምልክት በተደረገበት መርፌ ነው፤ ይወጉና ቀዳዳውን በጣት ይደፍኑታል።

ለዝርዝሩ ከወስፌ የተሻለ መሣሪያ የለም። አንዱን ጫፉ ሹል እንደሆነ ይተዉት፣ ሌላውን በብርጭቆ ወረቀት ዱልዱም ያድርጉት። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ዓይኑ ላይ ነው። ከጎን የሚታይ ዓይን ለውዝ አይመስልም፤ ሹሉ ወደ ጆሮ የዞረ ሽብልቅ ነው፣ የላይኛው ቆብም የታችኛውን ይቀድመዋል። ፀጉርን ክር በክር አይሥሩ። በጥቅሉ አንስተው ሦስት አራት ጥልቅ መስመሮች ይስጡት፤ የቀረውን የተመልካች ዓይን ይሞላዋል።

ሲሠሩ አንድ መብራት ብቻ ይብራ፤ ከግራ በኩል፣ ዝቅ ብሎ። በየሩብ ሰዓቱ መስተዋቱን ያዙሩት፤ ከአንድ ወገን ብቻ የሚያምር ጉንጭ ውሸት ነው። በመጨረሻ አንድ ዓይንዎን ጨፍነው በቀጥታ ከላይ ይመልከቱ። ከላይ የማይታይ ማንኛውም ገጽ፣ ለምሳሌ ከአፍንጫ ሥር ወይም ከጆሮ ጀርባ ወደ ውስጥ የገባ ቦታ፣ ጀሶውን ቆልፎ ይይዛል። ሲላቀቅ ወይ ሰሙ ይቀደዳል ወይ ጀሶው ይሰበራል። እንዲህ ያለውን ጎን ሁሉ ወደ ውጭ ዘንበል እስኪል በሰም ይሙሉት።

ጀሶውና ፊደሉ

በሰሙ ዙሪያ 140 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው የፕላስቲክ ቀለበት ያቁሙ፤ ታችኛውን ስንጥቅ በሸክላ ጭቃ ይድፈኑ። መስተዋቱን በሳሙና ውሃ አንዴ በብሩሽ ይቀቡ። ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት 250 ሚሊ ሊትር ውሃና 350 ግራም ጀሶ ይበቃል። ጀሶው ውሃው ላይ ይነሰነሳል እንጂ ውሃው ጀሶው ላይ አይፈስም፤ ሲገለበጥ ይጓጉላል። ሁለት ደቂቃ ሳይነኩ ይተዉት፣ ከዚያ አረፋ ሳያነሱ በቀስታ ያማስሉ። የመጀመሪያውን በለስላሳ ብሩሽ ዓይን፣ ጆሮና ከንፈር ውስጥ ያስገቡ፤ የቀረውን በጠርዝ በኩል ያፍሱና ጠረጴዛውን ለአንድ ደቂቃ ከሥር መታ መታ ያድርጉ። ጀሶው ይሞቃል፤ ሞቆ ሲበርድ ይላቀቃል።

አሁን በእጅዎ ያለው ጎድጓዳው መልክ ነው። ፊደል የሚገባው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ጀሶ ውስጥ የተቦረቦረ መስመር ሲወጣ ጥርት ያለ ጉብታ ይሆናል። ነገር ግን ግልባጩን መጻፍ አለብዎት፦ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እያንዳንዱም ፊደል ፊቱን አዙሮ። ጽሑፉን በስስ ወረቀት ይጻፉ፣ ገልብጠው ይለጥፉ፣ በላዩ ይውጉ። ጥልቀቱ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው ወደ ውጭ ዘንበል ያለ ይሁን።

ቦታውን አስቀድመው ይቁጠሩ። በፊደሉ መሃል መስመር ዙሪያው 311 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ፊደል ከነክፍተቱ 9 ሚሊ ሜትር ሲይዝ ሙሉው ዙር 34 ይሆናል፤ ደረቱ ከታች የሚቆርጠው ሲቀነስ 25 ወይም 26 ይቀራል። የምኒልክ ብር ላይ ያለው «ዳግማዊ፡ ምኒልክ፡ ንጉሠ፡ ነገሥት፡ ዘኢትዮጵያ» 21 ፊደልና አራት ሁለት ነጥብ ስለሆነ ልክ ይገባል። ከዚያ የሚረዝም ጽሑፍ ካለዎት ያሳጥሩት እንጂ ፊደሉን አያቅጥኑ። የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ የሚከብደው በውስጡ ባሉት ቀዳዳዎች ነው፤ የመ፣ የፀ፣ የጨ እና የዐ ውስጥ ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር ካልሆነ በየደረጃው እየጠበበ ነሐሱ ላይ ድፍን ይሆናል። ጎድጓዳው ፎርማ ላይ እነዚህ ቀዳዳዎች የቆሙ ቀጭን የጀሶ ግንዶች መሆናቸውን አይርሱ፤ መሮው ቢነካቸው ይሰበራሉ።

ከዚህ ጎድጓዳ ጉብ ያለውን ጀሶ ያውጡ። በሁለቱ ጀሶዎች መካከል ሦስት ጊዜ የሳሙና ቅባት፣ በመጨረሻ ስስ ዘይት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ አንድ ድንጋይ ሆነው ይቀራሉ። ጉብ ያለው ላይ የመጨረሻውን እርማት ያድርጉና ከእሱ ሁለተኛውን፣ የሥራውን ጎድጓዳ ፎርማ ይውሰዱ። ጀርባውም በዚሁ መንገድ ይሠራል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ በፊቱ ጉንጩ ካለበት ቦታ በስተጀርባ ወፍራም ነገር አያስቀምጡ። ሁለት ውፍረት ሲደራረብ ነሐሱ እዚያ ዘግይቶ ይረጋል፤ ሲሰበሰብም ጉንጩን ወደ ውስጥ ይጠባዋል።

ሁለቱን ፊት ማጋጠም

ሁለቱን ጎድጓዳ ፎርማዎች ለብ ባለ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ይንከሩ፤ ውሃ የጠጣ ጀሶ ሰም አይይዝም። ፊቱን እርጥበት ብቻ እስኪቀር በጨርቅ ያድርቁ። ጠመኔ የሌለበት ሰም በ70 ዲግሪ ገደማ አቅልጠው መጀመሪያ በብሩሽ ይቀቡ፣ ከዚያ ከሜዳው ላይ 2 ሚሊ ሜትር እስኪሞላ ያፍሱ። በጣም የጋለ ሰም ጀሶው ላይ ይጣበቃል፤ የበረደ ደግሞ የውሃ ሽብሽብ ይተዋል።

የሁለቱን ጀርባ በጋለ ቢላ ደልድለው ያጋጥሟቸው። እንደ መጽሐፍ ገጽ ሲገለበጥ ሁለቱም ራሳቸው ወደ ላይ እንዲሆን በጠርዛቸው ላይ አናታቸውን አስቀድመው ይጫሩ። ስፌቱን በቀለጠ ሰም ይዝጉ፤ ቀዳዳ ከቀረ የፎርማው ጭቃ ይገባና ሜዳሊያው እንደ ቂጣ ለሁለት ይከፈላል።

ከደረቱ በታች ባለው ጠርዝ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የሰም ቦይ፣ ከላይ በአናቱ በኩል ሁለት 3 ሚሊ ሜትር መተንፈሻዎች ይለጥፉ። ሜዳሊያው ይቆማል፤ ነሐሱ በጎን ወርዶ ከታች ይገባና ወደ ላይ ይሞላል፣ አየሩም በመተንፈሻው ይወጣል። ከላይ በቀጥታ ቢፈስ እየተንጠባጠበ አረፋ ይይዛል። ሁሉንም ከነቦዩ ይመዝኑና ቁጥሩን ይጻፉት፤ ኋላ ያስፈልጋል።

ጭቃውና እሳቱ

መስቀል በሰም የሚያወጡ አንጥረኞቻችን ሰሙን የሚያለብሱት ፋንድያ በተቀላቀለበት ጭቃ ነው፤ የቅኔው «ሰምና ወርቅ» ስሙን ያገኘው ከዚህ ሥራ ነው። በጭቃ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሽፋኖች በወንፊት የተነፋ ጭቃና የከሰል ዱቄት አቅጥኖ በብሩሽ ይቀባል፣ እያንዳንዱንም በጥላ ያደርቃል። ፀሐይ ሰሙን ያጣምመዋል።

ፈጣኑ መንገድ ጀሶ ከጡብ ዱቄት ጋር ነው። 16 ሴንቲ ሜትር ወርድና 22 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላለው ጣሳ 1.7 ኪሎ ጀሶ፣ 3.4 ኪሎ የተነፋ የሸክላ ጡብ ዱቄትና 2.4 ሊትር ውሃ ይበቃል፤ ጡቡ ብዙ የሚጠጣ ከሆነ ጥቂት ይጨመራል። ውሉ እንደ ቀጭን የእንጀራ ሊጥ ይሁን። የጡቡን ዱቄት ሲነፉ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ ሳንባ ይጎዳል። ሰሙን መጀመሪያ በሳሙና ውሃ ይጠቡና ያድርቁ፣ ቀጥሎም ጀሶውን በብሩሽ በፊደሎቹ መካከል ያስገቡ። እዚያ የቀረች አንዲት የአየር አረፋ ነሐሱ ላይ አንዲት ኳስ ናት።

ፎርማው አንድ ቀን ካደረ በኋላ አፉን ወደ ታች ደፍተው ምድጃ ውስጥ ያስገቡት። በ150 ዲግሪ ሦስት ሰዓት ሲቆይ ሰሙ ይወጣል። ከዚያ በሰዓት 100 ዲግሪ እየጨመሩ 650 ያድርሱትና ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ያቆዩት። አፉ ውስጥ ጥቁር ነገር እስካለ ድረስ ሰም አለ። ከ700 ዲግሪ በላይ አይሂዱ፤ ጀሶው መፍረስ ይጀምራል፣ የሚወጣውም ጋዝ ነሐሱን ያቆስለዋል። በፍጥነት የጋለ ፎርማ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ሜዳሊያው ላይ ቀጭን ክንፍ ሆኖ ይወጣል።

ነሐሱ

የሰሙን ክብደት በ9.2 ያባዙ፣ 10 በመቶ ይጨምሩ። ሜዳሊያው 48፣ ቦዩ ከነአፉ 25 ግራም ከሆነ በድምሩ 73 ነው፤ ስለዚህ 740 ግራም ገደማ ነሐስ ያስፈልጋል፦ 666 ግራም መዳብና 74 ግራም ቆርቆሮ። እዚህ ላይ ቋንቋችን ያስቸግራል። ቆርቆሮ ሲባል በ232 ዲግሪ የሚቀልጠው ነጭ ብረት ነው እንጂ የቤት ክዳኑ አይደለም። የክዳኑ ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው፤ ማቅለጫው ውስጥ ቢገባ ነጭ ጢስ ይወጣል እንጂ ነሐስ አይገኝም። የአሮጌ ቧንቧ ናስም ብዙ ዚንክ አለበት፤ ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፣ ጢሱን የሳበ ሰው ማታውን በብርድና በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። ንጹሕ የኤሌክትሪክ ሽቦ መዳብ ይሻላል፤ ላስቲኩ በቢላ ይላጥ እንጂ አይቃጠል።

መዳቡ በግራፋይት ማቅለጫ ውስጥ፣ ላዩ በከሰል ዱቄት ተሸፍኖ ይቅለጥ። ቆርቆሮው በመጨረሻ ይገባል፤ አስቀድሞ ቢገባ ይቃጠላል። አስቀድሞ በጋለ የግራፋይት ዘንግ ያማስሉ። የሚፈሰው በ1100 እና በ1150 ዲግሪ መካከል ነው። ፎርማው በዚህ ጊዜ ወደ 300 ዲግሪ ወርዶ፣ አፉ ወደ ላይ ሆኖ በደረቅ አሸዋ ሣጥን ውስጥ እስከ አፉ ተቀብሮ ይጠብቃል። ወለሉ አሸዋ ይሁን፤ ሲሚንቶ ላይ የፈሰሰ ነሐስ ሲሚንቶውን ያፈነዳዋል። እርጥበት ያለው ፎርማም፣ ጉጠትም፣ ዘንግም አደጋ ነው፤ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ብረቱን ይረጨዋል። የፊት መከላከያ፣ የቆዳ ጓንትና ረጅም የቆዳ ጫማ ሳይለበስ እሳቱ አይነሳም። ቦዩ እስኪሞላና መተንፈሻዎቹ ነሐስ እስኪያሳዩ ሳያቋርጡ ያፍሱ።

ከፈሰሰ በኋላ

አንድ ሰዓት ያህል ይተዉት፤ ከዚያ ፎርማውን ውሃ ውስጥ ሲከቱት ጀሶው ይፈርሳል። የወጣውን በደንብ ይመርምሩ። ፊደሎቹ ከተድበሰበሱ ወይም አናቱ ካልሞላ ነሐሱ በርዶ ነበር ወይም መተንፈሻው ተዘግቶ ነበር። ቆዳው እንደ አሸዋ ከሻከረ ፎርማው ከልክ በላይ ግሏል። ጉንጩ ውስጥ ጉድጓድ ካለ ቦዩ ቀጭን ነበር ወይም ጀርባው እዚያው ላይ ወፍሯል፤ ይህ አይጠገንም፣ እንደገና ይፈሳል።

ቦዩን በመጋዝ ይቁረጡ፣ ጠርዙን በሞረድ ይደልድሉ፣ ኳሶቹን በቀጭን መሮ ያንሱ። መልኩን አይሞርዱ። የፒሳኔሎ ሥራዎች ሲታዩ የሰሙ ልስላሴ ጉንጩ ላይ ይነበባል፤ ብርጭቆ ወረቀት ካለፈበት ያ ቆዳ አይመለስም። ስምዎን እንደ እሱ በጀርባው ባዶ ቦታ፣ ሰሙ ላይ ሳለ መጻፍ ነበረብዎት፦ «ፒሳኒ ፒክቶሪስ ኦፑስ»፣ የሠዓሊው ፒሳኖ ሥራ ይላል የእሱ። ዓመተ ምሕረቱንና የቅጂውን ቁጥር ግን አሁን ጠርዙ ላይ በ2 ሚሊ ሜትር የብረት ማኅተም ይምቱ።

ለቀለሙ ሜዳሊያውን በሳሙናና በሙቅ ውሃ አጥበው በጣት ሳይነኩ፣ በሊትር 5 ግራም የፖታሽ ሰልፈር (ፖታሲየም ሰልፋይድ) በተሟሟበት ለብ ያለ ውሃ ይንከሩት። ግማሽ ደቂቃ ነክረው ማጠብ፣ ደግሞ መንከር፤ ወደ ጠይም እስኪደርስ ድረስ። አንዴ ለረጅም ጊዜ ከነከሩት ጥቁሩ ይላጣል። ሥራው ደጅ ይሁን፤ ከአቼቶም ሆነ ከሌላ አሲድ ጋር አይቀላቀል፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ከፍ ያሉትን ቦታዎች በእርጥብ ጨርቅና በጠመኔ ዱቄት ቀለል አድርገው ይሹ፣ ከዚያ ሜዳሊያውን አሙቀው ስስ ሰም ቀብተው በጨርቅ ይወልውሉት።

ሌላ ቅጂ ሲያስፈልግ ከጀሶው ፎርማ አዲስ ሰም ያውጡ፤ ከነሐሱ ላይ ፎርማ አይውሰዱ። ከነሐስ የተወሰደ ቅጂ እንደገና ከ2 እስከ 3 በመቶ ያንሳል፣ ፊደሎቹም ይድበሰበሳሉ። የድሮ ሜዳሊያ ገዢዎች ቅጂን የሚያውቁት በዚህ ነው፤ ጠርዙ ሊሞረድ ስለሚችል ወርዱን ትተው ከዓይን ጫፍ እስከ አንድ የታወቀ ፊደል ያለውን ርቀት ይለካሉ።